በጓድ ሐዲድ ፊልም ውስጥ የተደበቁ ዕቃዎች

ዳሃቦ የወንድሟን ገዳይ ያወቀችው በሳል ነው። የገዳዩ ሳል አልነበረም፤ የወንድሟ የራሱ እንጂ።

ጊዜው ግንቦት 1973 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር። በዚያ ሰዓት ድሬዳዋ ሱቋን ዘግታ ጥላ ፍለጋ ስለምትገባ መንገድ ላይ ሰው የለም። ዳሃቦ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የጠዋት ፈረቃዋን ጨርሳ ወደ ቤቷ ስትመለስ በቀበሌው ባለሥልጣን በጓድ ክፍሉ ቤት መስኮት ሥር አለፈች። ከውስጥ የህንድ ፊልም ዘፈን ይሰማል። ዘፈኑ መሀል ላይ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሳለ፤ ደረቅ፣ የአጫሽ ሳል። ከሳሉ ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቀዋለች፤ ቆማ አልጠበቀችም። ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና እርምጃዋን አፈጠነች።

ያንን ዘፈን ከነሳሉ ከሬዲዮ በካሴት የቀዳው ታናሽ ወንድሟ ሸረፈዲን ነበር። የሲኒማ ቤቱ ፊልም አጫዋች ነበር። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ፊልም፣ ዘፈንና ፋሽን ካልሆነ በቀር ሌላ ወሬ አያውቅም። በባቡር ከጅቡቲ የሚገባውን አዲስ ነገር ሁሉ ከከተማው ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። ዘንባባ የታተመበት ሸሚዝ ነበረው፤ የበሬ ራስ ቅርጽ ዘለበት ያለው ቀበቶ ነበረው፤ መሬት የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ ነበረው። በተለይ ሁለት ዕቃ ይወድ ነበር። አንደኛው ጥቁር የጃፓን ቴፕ ነው። የማቆሚያው መጫኛ ቢሰበርበት፣ ከቤቱ ዶሚኖ ነጠብጣብ የሌለውን ጠጠር አውጥቶ፣ ቆርጦ፣ ሁለት ቀን በሞረድና በሻማ ሲያሸው ከርሞ ነጭ መጫኛ ሠራለት። ሥራው ከመጥራቱ የተነሳ ከፋብሪካ የወጣ ይመስል ነበር። ሁለተኛው ከራስጌው የሰቀለው የህንድ ተዋናይት ሥዕል ነው። ፊቷን ከአንድ ፖስተር፣ ቀሚሷን ከሌላ ፖስተር ቆርጦ አንድ ሴት አድርጎ አጣበቃት። መጋጠሚያው ጉንጯን በደገፈችበት ግራ እጇ ላይ ስለዋለ ልጅቷ ስድስት ጣት ወጣላት። "አላህ የጨመረላትን እኔ አልቀንስባትም" እያለ ይስቅ ነበር።

ኅዳር 1970 ላይ ዳሃቦና እናቷ ሃሊሞ በሐርላ መንደር ዘመድ ጋ አሥራ አንድ ቀን ሰንብተው ሲመለሱ የሸረፈዲን ክፍል ተጠርጎ ጠበቃቸው። ምስማር እንኳ አልቀረም። በበሩ ሥር የቀበሌው ደብዳቤ ወድቋል። "ግለሰቡ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ጅቡቲ የኮበለለ ሲሆን፣ ጓዶች ቤቱን ሲፈትሹ ባዶ ሆኖ አግኝተውታል" ይላል። ከሥሩ ያለው ፊርማ የያኔው የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ የጓድ ክፍሉ ነው። ጎረቤት ሲጠየቅ አላየሁም አለ።

እናትየው ደብዳቤውን አመነች፤ ማመን ደግሞ ይሻላት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጅቡቲ ባቡር በገባ ቁጥር ጣቢያ ሄዳ ከአጥሩ ውጪ ትቆማለች። የመጨረሻው ሰው እስኪወጣ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ሽንኩርት ገዝታ ትመለሳለች። እንዲህ እያለች ሦስት ዓመት ተኩል ሞላት።

ካሴቱ ጓድ ክፍሉ ቤት ከተገኘ ዕቃውን ጠቅልሎ የኮበለለ የለም፤ አሁን ዳሃቦ ባቡሩ ወንድሟን እንደማያመጣ አወቀች። ግን ሳል ሰማሁ ብላ ለማን ትከሳለች? ክሱን የሚቀበለው ቢሮ የጓድ ክፍሉ ቢሮ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ክፍሉ በገዛ አፉ፣ ማኅተም ባለው ወረቀት ላይ፣ ሸረፈዲን አልኮበለለም ብሎ እንዲናገር። እንዴት እንደምታስለፈልፈው ግን አላወቀችም። ሰባት ወር ፋብሪካ ውስጥ ለጨርቅ ማተሚያ አበባ እየሳለች ስታስበው ቆየች።

መንገዱን ያመጣላት ራሱ ክፍሉ ነው። በታኅሣሥ 1974 ቀበሌው ውስጥ የፕሮፓጋንዳና የኪነት ኃላፊ ሆኗል። ቀይ፣ ደንዳና፣ ሳቂታ ሰው ነው፤ ቀልዱን የሚወዱለት ብዙ ናቸው። ሌሎቹ ቀበሌዎች መሠረተ ትምህርትንና ምርትን በጭፈራ ሲሰብኩ፣ እሱ ማንም የሌለውን ነገር ፈለገ፤ የሚንቀሳቀስ ሥዕል። በሲኒማ ቤቱ መጋዘን ነጋዴ ጥሏቸው የሄደ፣ ከመታየት ብዛት የተላላጡ የህንድ ፊልም ጥቅሎች ነበሩ። በሸረፈዲን ቦታ የተተካው አጫዋች ዑመር፣ ፊልሙ በረኪና ውስጥ ቢዘፈዘፍ ሥዕሉ ታጥቦ ንጹሕ ላስቲክ እንደሚቀር ያውቃል። በላዩ ላይ የሚስል እጅ ብቻ ጎደለ። ክፍሉ ፋብሪካው ድረስ መጣና ዳሃቦን አስጠራት።

"የኮብላይ እህት ብትሆኚም አብዮቱ ሆደ ሰፊ ነው፣ እህቴ" አላት።

"አውቃለሁ፣ ጓድ" አለችው።

ሥራው እንዲህ ነበር። ለአንድ ሴኮንድ ሃያ አራት ሥዕል፣ ለአንድ ደቂቃ አንድ ሺህ አራት መቶ አርባ። እያንዳንዱ ሥዕል ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ዳሃቦና ከፋብሪካው አብረዋት የመጡ ሁለት ሴቶች የሰዓት ሠሪ መነጽር ዓይናቸው ላይ ሰክተው፣ በሦስት ፀጉር ብሩሽ እያንዳንዳቸው በቀን አርባ ሥዕል ይሠራሉ። በአሥራ ሁለት የሥራ ቀን አንድ ደቂቃ ይሞላል። ያቺ ደቂቃ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት ከዋናው ፊልም በፊት ትታያለች። ጀግናው ጓድ ሐዲድ ይባላል። ደረቱ ከባቡር ሐዲድ የተሠራ፣ የሚሮጥ ባቡር በመዳፉ የሚያቆም፣ ድንቁርና የሚባለውን ጥቁር ጭራቅ በፊደል ገበታ የሚጠፈጥፍ፣ አሻጥረኛን አንገቱን ይዞ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ የሚዘፍቅ ኃያል ነው።

የመጀመሪያው የተደበቀ ዕቃ ሳይታሰብ ነው የገባው። በሦስተኛው ክፍል ጓድ ሐዲድ ጣቢያው ውስጥ አሻጥረኛ ሲያሳድድ፣ ከኋላ ካለው ሕዝብ መሀል ለአንዱ ሰውዬ የዳሃቦ እጅ ዘንባባ ያለበት ሸሚዝ አለበሰው። ዕድሜው ሁለት ሴኮንድ ነው። ቅዳሜ ዕለት ከአዳራሹ መሀል አንድ ጎረምሳ፣ "አቦ! የጅቡቲዋ ሸሚዝ! የስልሳ ስምንቷ!" ብሎ ጮኸ። አዳራሹ ተደበላለቀ። ያላዩት ካዩት ሊሰሙ ተንጫጩ፤ ዑመርን መልሶ እንዲያሳይ በፉጨት አስገደዱት።

ከዚያ በኋላ ድሬ ጓድ ሐዲድን ለጓድ ሐዲድ ብላ ማየቱን ተወች። ሁሉም የሚመጣው ዕቃ ፍለጋ ነው። በአራተኛው ክፍል ቤልቦተሙን አገኙት። በስድስተኛው የበሬውን ቀበቶ፤ በሰባተኛው ከውጭ መጽሔት የተቆረጠ የኳስ ቡድን ፎቶ፣ በአሻጥረኛው ግድግዳ ላይ። በየሻይ ቤቱ "አየሃት?" "የቷን?" የሚለው ክርክር ሁለቱን ሳምንት ይሞላል። ክፍሉ መጀመሪያ ደንግጦ ነበር። ግን ሕዝቡ ወንበር አጥቶ ቆሞ ሲያይ፣ ከበላይም ምስጋና ሲመጣ ምክንያቱን ራሱ አገኘለት።

"የቡርዧ ዕቃ ሁሉ አሻጥረኛው ላይ ይሁን" አለ። "ሕዝቡ እየሳቀ ይጋለጥለት። ጨምሪበት፣ ዳሃቦ!"

ጨመረችበት። እያንዳንዱ ዕቃ ከሸረፈዲን ክፍል የወጣ መሆኑን ከእሷ በቀር ያወቀ አልነበረም። ዑመር ጠርጥሮ አንድ ቀን፣ "ይቺ ቀበቶ..." ብሎ ጀመረና ዓይኗን ሲያይ ዓረፍተ ነገሩን ተወው።

ጓድ ክፍሉ ግን ዕቃዎቹን ለምን አላወቃቸውም? ዳሃቦ ይህንን ለብዙ ጊዜ ራሷን ጠየቀች። መልሱን ኋላ ላይ አገኘችው። በዚያች የኅዳር ሳምንት ክፍሉና ሰዎቹ የፈተሹት አንድ ቤት አልነበረም። የመጣው ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ተከመረ፤ የማን የማን እንደሆነ አልተመዘገበም፤ ከዚያ ተከፋፈሉት። ክፍሉ ቴፑን ያውቃል፣ ሥዕሏን ያውቃል። የሸረፈዲን መሆናቸውን ግን ረስቶታል፤ ወይም ለማስታወስ ምክንያት አልነበረውም።

እያንዳንዱ ክፍል ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ሐሙስ ሐሙስ ይገመገማል። የኪነቱ መጋዘን ውስጥ ፍራሽ ይነጠፋል፤ ክፍሉ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል፤ ግምገማው የሚጀመረው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምርቃናው ደርሷል። የበርጫ ሰው በመጀመሪያው ሰዓት ይስቃል፣ በሁለተኛው ዓለምን ያስተካክላል። በሦስተኛው ግን ስህተት አይቶ ማለፍ አይሆንለትም፤ በዚያ ሰዓት ድሬ ውስጥ ስንቱ ባልንጀራ በአንድ የባቡር ጣቢያ ስም ተከራክሮ ተኳርፏል።

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ቦጋለች ናት፤ ከምድር ባቡር መዝገብ ቤት የመጣች፣ ነጥብ የማታስቀር ሴት። ክፍሉ አንድ ጊዜ በቃል ያዘዘውን ማስተካከያ ኋላ ላይ ስለካደ፣ ከአምስተኛው ክፍል ወዲህ ማንኛውም ማስተካከያ በተናጋሪው አንደበት እንዳለ ይጻፋል፤ በየገጹም ይፈረማል። ደንቡን ያወጣው ክፍሉ ራሱ ነው።

ዳሃቦ ይህንን ሁሉ እያየች አሥራ ሁለት ክፍል ታገሠች። በአሥራ ሦስተኛው ላይ ቴፑን ሳለችው፤ አሻጥረኛው ጠረጴዛ ላይ፣ ፊት ለፊት፣ ሸራውን ሞልቶ። ስድስቱንም መጫኛ ጥቁር አደረገቻቸው።

"ዑመር፣ እዚያ ጋ አቁመው!" አለ ክፍሉ ከፍራሹ ቀና ብሎ።

"ከቆመ ይቃጠላል፣ ጓድ።"

"እንግዲያው መልሰህ አሳየኝ።" ሁለተኛ ታየ። "አቦ ዳሃቦ፣ ይሄን ቴፕ ከየት አመጣሽው?"

"ከጭንቅላቴ ነው።"

"ጭንቅላትሽ ተሳስቷል። የዚህ ዓይነት ቴፕ አምስቱ ጥቁር ነው፣ የማቆሚያው ነጭ ነው። ጃፓኖቹ ሆን ብለው ነው፤ በጨለማ እንዲታይ።"

"ሁሉም እንደዚያ ነው?"

"ሁሉም! በየቀኑ የምጫነውን እኔን ታስተምሪኛለሽ?"

ቦጋለች ብዕሯን አነሳች። "ላሳጥረው ወይስ እንዳለ?"

"እንዳለ ጻፊው። ይማሩበት።" ፈረመ።

ዳሃቦ ማታውኑ የዶሚኖውን ሣጥን ከፍታ ቆጠረች። ሃያ ሰባት ጠጠር። ያን ያህል እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን ቆጠረች። ደስ አላላትም፤ ጥርሷን ነከሰች እንጂ። አንድ ፊርማ አይበቃትም ነበር። ሰውየው አንዱን "አፍ ስቶኝ ነው" ይላል፤ ሁለቱን ግን አይልም።

በአሥራ አምስተኛው ክፍል ተዋናይቷ መጣች፤ በግራ እጇ አምስት ጣት ይዛ።

"ጣት ጎድሏታል" አለ ክፍሉ።

ዑመር ከማሽኑ ጀርባ ሳቀ። "አምስት ናቸው እኮ፣ ጓድ።"

"የዚህች ልጅ ስድስት ነው!"

"ስድስት ጣት ያላት የፊልም ተዋናይ የት አለች፣ ወላሂ?"

"ግድግዳዬ ላይ አለችልህ! ጠዋት ጠዋት ስነሳ እቆጥራታለሁ። ዓይኔ ነው የሚዋሸኝ?"

"አይ፣ እንደዚያ ካልክ..." አለ ዑመር፤ ሳቁ ግን ፊቱ ላይ ደረቀ። ሸረፈዲን ያቺን ሥዕል ሲያጣብቅ ሙጫውን የያዘለት እሱ ነበር። ወደ ዳሃቦ ዞረ። እሷ መነጽሯን እያበሰች ነው።

"'ጠዋት ጠዋት ስነሳ እቆጥራታለሁ'" ብላ ቦጋለች የጻፈችውን ድምፅ አውጥታ አነበበች። "ልክ ነው?"

"ልክ ነው" አለ ክፍሉ፤ ፈረመ።

በነሐሴ ወር ጓድ ሐዲድ በሌሎች ከተሞችም እንዲታይ ታሰበና ከበላይ አካል ገምጋሚ መጣ። አብዲቃድር ይባላል፤ ቀጭን፣ ጫት የማይቅም፣ ሲናገር ሰው የማያይ ሰው። አሥራ ስድስተኛውን ክፍል አየ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ "አስተያየት ያለው?" ብሎ ጠየቀ። መደበኛ ጥያቄ ነበር፤ መልስ አልጠበቀም።

ዳሃቦ ተነሳች። የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ካልቻለችበት ማታውኑ ወንድሟ የሄደበት እንደምትሄድ ታውቃለች።

"እኔ አለኝ፣ ጓድ። በአሥራ ሦስተኛው ቃለ ጉባኤ የቴፑን መጫኛ ነጭ እንዳደርግ ታዝዤ ሠርቻለሁ። ፊልሙ ሌላ ከተማ ከሄደ ስህተቱ የእኔ ነው የሚባለው። እንዲህ ዓይነት ቴፕ የለም። ጓድ ክፍሉ ተሳስተዋል።"

"ምን?" አለ ክፍሉ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር። "የለም? ቤቴ ያለውን የለም ትለኛለች?"

"ካላየሁ አላምንም።"

"አቦ፣ ይቺ ሴት! አንተ ዘበኛ! ቤት ሂድና ቴፑን አምጣልኝ። ካሴቱም ውስጡ አለ፣ እንዳለ አምጣው። አሁን ታያለሽ!"

ዘበኛው እስኪመጣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ክፍሉ በዚያ ሁሉ ጊዜ ለእንግዳው ስለ ጃፓኖች አሠራር ይተርክ ነበር። ቴፑ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። አምስት ጥቁር፣ አንድ ነጭ።

"እንዴት ነው?" አለ ክፍሉ በሰፊው እየሳቀ።

ዳሃቦ ከዘንቢሏ የዶሚኖውን ሣጥን አወጣች። ጠጠሮቹን አንድ በአንድ በጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። "ሃያ ስምንት መሆን ነበረበት" አለች። "ነጠብጣብ የሌለው ጠጠር የለም። ወንድሜ ሸረፈዲን ቆርጦ ይህንን መጫኛ ሠራበት። እዚህ ጠርዙ ላይ የመሀሉ መስመር ግማሹ ይታያል፤ ከሌሎቹ ጋር ያስተያዩት።"

አብዲቃድር ጎንበስ ብሎ አስተያየ። ዳሃቦ እጇን ዘርግታ ማጫወቻውን ተጫነች። ዘፈኑ መጣ። ሁለት ጊዜ ሳል። ከዚያ ቀጥሎ ቅርብ የሆነ፣ የተቆጣ መስሎ የሚስቅ የወንድ ድምፅ፦ "ዳሃቦ፣ በሩን ዝጊው እንጂ፣ እየቀዳሁ ነው!"

ዑመር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዳሃቦ ነጩን ተጫነች፤ ቴፑ ቆመ።

"ከየት ነው የመጣው፣ ጓድ ክፍሉ?" አለ አብዲቃድር።

"የ... የተወረሰ ነው።"

"ከማን?"

"በዚያ ሳምንት ስንት ቤት ነው የፈተሽነው..."

"ከማን?"

"ከሸረፈዲን ይሆናል።"

"ግድግዳው ላይ ያለችው ባለስድስት ጣቷም የእሱ ናት" አለች ዳሃቦ፤ የቀበሌውን ደብዳቤ አቀበለችው። አብዲቃድር እስከ ፊርማው አነበበ። "ቤቱ ባዶ ነበር ይላል። ከባዶ ቤት ቴፕ አይወረስም። ሰውየውስ?"

"ይዘነው ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ጊዜውን ታውቀዋለህ፣ ጓድ። ጊዜው..."

"'ጊዜው' ብዬ ልጻፍ?" አለች ቦጋለች፤ ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ነው፤ ድምፅዋ አልተለወጠም።

ክፍሉ ከንፈሩን በምላሱ አራሰ። ላቡ አንገቱ ላይ ይወርዳል። "እርምጃ ተወስዶበታል" አለ።

"ማን ወሰደ?"

"እኔ ባለሁበት።"

ቦጋለች ጻፈች፤ አነበበችለት፤ ወረቀቱን አዞረችለት። እምቢ ሊል አብዲቃድርን አየና ፈረመ። ያንኑ ማታ በራሱ ቀበሌ እስር ቤት አደረ። ያስያዘው ግን የሸረፈዲን ሞት አልነበረም። የክሱ ወረቀት "ለበላይ አካል ሐሰተኛ ሪፖርት ማቅረብና የተወረሰ ንብረት ለግል ማዋል" ነው የሚለው። ዳሃቦ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ የወንድሟ ስም በንብረቱ መግለጫ ውስጥ ብቻ ነው ያለው።

ቦጋለች ሳትጠየቅ የቃለ ጉባኤውን ቅጂ ማኅተም መትታ ሰጠቻት። ዳሃቦ እቤት ስትደርስ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ወረቀቱን ዘረጋችላት። ሃሊሞ በመሠረተ ትምህርት ሁለተኛው ዙር ፊደል ቆጥራለች፤ እስከ ዛሬ ያነበበችው ግን የመማሪያውን መጽሐፍ ብቻ ነው። መስመሩን በጣቷ እየተከተለች፣ እየቆረጠች፣ እየመለሰች አነበበች። "እር...ምጃ። ተ...ወስዶ...በታል።" ጣቷ መጨረሻው ላይ ቆመ። የጅቡቲው ባቡር ከሩቅ ጮኸ። አልተነሳችም።

"የት?" አለች ሃሊሞ።

"ወረቀቱ አይልም፣ አዮ።"

"እንግዲያው አልጨረስሽም።"

በሦስተኛው ቀን ዘበኛው መጥቶ ክፍሉ እንደሚፈልጋት ነገራት። እስር ቤቱ ውስጥ ሽርጥ አገልድሞ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ጢሙ አድጓል።

"ዳሃቦ፣ እህቴ" አለ። "እኔና አንቺ ብንጠፋፋ ማን ይጠቀማል? መጫኛው የወንድሜ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም ብለሽ ጻፊ። ሌላውን እኔ እወጣዋለሁ። ቦታውን አሳይሻለሁ። እናትሽ ሄዳ ታልቅስ እንጂ፤ አታሳዝንሽም?"

አሳዘነቻት። እናቷ ከአጥሩ ውጪ የቆመችባቸው ቀናት ሁሉ ባንድ ጊዜ መጡባት፤ ለአንድ አፍታ "እሺ" የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደረሰ። ከዚያ ሰውየው "እህቴ" ያለበት ድምፅ ፋብሪካው ድረስ መጥቶ "እህቴ" ያላት ያው ድምፅ መሆኑን ሰማች።

"እናቴ ማንበብ ጀምራለች" አለችው። "በወሬ አታምንም። ጻፈውና ፈርምበት፤ ከዚያ እናያለን።"

ጻፈ። "ከአሮጌው የጡብ ማቃጠያ ጀርባ፣ ከትልቁ ግራር በስተ ምሥራቅ ሠላሳ እርምጃ። እሱና ሌሎች ስድስት።" ፈረመ። ዳሃቦ አነበበች፣ አጠፈች፣ ደረቷ ውስጥ ከተተች።

"እንግዲህ ቃልሽን" አለ።

"ቃል አልሰጠሁህም። እናያለን ነው ያልኩህ፤ አየሁት።"

ስድቡ እስከ ውጪው በር ተከተላት። የቀበሌው መዝገብ ቤት ገብታ ወረቀቱን ለቦጋለች ሰጠች፤ ቦጋለች የገጽ ቁጥር ሰጥታ ከፋይሉ ጋር ሰፋችው። ደረጃው ላይ ስትወርድ ነው ዳሃቦ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቃላት በደንብ ያሰበቻቸው። ሌሎች ስድስት።

ዓርብ ጠዋት ሃሊሞ፣ ዳሃቦ፣ ዑመርና አንድ ሼህ ከግራሩ ሠላሳ እርምጃ ቆጠሩ። ሼሁ ሰገዱ። ሃሊሞ መሬቱን በመዳፏ ነካችው፤ ትኩስ ነበር። ስትነሳ፣ "የሌሎቹ እናቶች ባቡር ጣቢያ ሳይሆኑ አይቀሩም" አለች። "አብረውኝ የሚቆሙ ሁለት ሦስት አሉ።"

ክፍሉ ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ዳሃቦ ለሰባት አካፈለችው፤ ለአንድ ሰው አምስት ወር ከጥቂት ቀን ደረሰው። ሒሳቡን የጻፈችበትን ወረቀት አልቀደደችውም።

ጓድ ሐዲድ ቀጠለ። አዲሱ ኃላፊ ከሌላ ከተማ የመጣ፣ ስለ ድሬ ዕቃ የማያውቅ ሰው ነው። ክፍሉ ቤት ሲፈተሽ ከሸረፈዲን ዕቃ በቀር የሌሎቹ አልተገኘም፤ በዚያ ሳምንት አብረውት የዞሩት አራት ሰዎች ተከፋፍለውታል፤ ስማቸውን ክፍሉ አልተናገረም። በጥቅምት አንዲት ሴት ከሳቢያን ሰፈር መጥታ የዳሃቦን በር አንኳኳች። መሪያም ትባላለች። ፊልሙን አላየችም፤ ሰው ነግሯታል።

"ልጄ ባርኔጣ ነበረው" አለች። "የካውቦይ። ጠርዙን በእንፋሎት ራሱ ነው ያጠፈው። በግራ በኩል የጅግራ ላባ የሚሰካበት ቀዳዳ አለው። ላባውን አልወድም ብዬ አስወጣሁት፤ ቀዳዳው ግን ቀረ።"

"ቀዳዳው የት ጋ ነው? አሳዪኝ" አለች ዳሃቦ፤ ወረቀት አወጣች።

በሃያኛው ክፍል፣ በአርባ አንደኛው ሴኮንድ ላይ፣ ባርኔጣው በአንድ አሻጥረኛ ራስ ላይ ሆኖ በሸራው አለፈ። አዳራሹ "ባርኔጣዋ! ባርኔጣዋ!" ብሎ ተነሳ፤ እጅ ሁሉ ወደ ሸራው ተዘረጋ። ዳሃቦ ሸራውን አላየችም። በማጫወቻው ክፍል ትንሽ መስኮት ቆማ፣ ዕቃውን ከተካፈሉት ከአራቱ አንዱ ይኖር እንደሆነ፣ ሕዝቡን ነበር የምታየው። ከፊት አራተኛው ረድፍ ላይ አንድ ሰው ብቻ አልጮኸም፤ ዞር ብሎ መውጫ በሩን አየ።

ረድፍ አራት፣ ከግራ ዘጠነኛ። ጻፈችው።

"ዑመር" አለች፣ "መብራቱን ቶሎ አብራው።"